ቢያድግልኝን ማን ይሰናበተው?

በአንድ ወቅት ቢያድግልኝ የሚባል አናጺ ነበር። ደም የሚያሳልፈው የልቡ በር፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ተበላሽቶ ትልቅ ከተማ ወስደው በብረት ቀየሩለትና ድኖ ወደ መጋዙ ተመለሰ። ሐኪሙ ሲሸኘው አጥብቆ አደራ አለው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኪኒን በየቀኑ እንዲውጥ፣ በየወሩ ደሙን እንዲመረመር፣ ጎመንም የኪኒኑን ኃይል ስለሚያደክም ከለመደው በላይ ድንገት እንዳያበዛ። ደሙ ብረቱ ላይ ከረጋ ሞት ነው። ይህን ሚስቱ ደብሪቱ፣ ታላቅ ወንድሙ ፈንታሁንና ልጁ የውብዳር አብረው ሰምተዋል። ሰው ግን ከሰማው ይልቅ የለመደውን ያምናል።

ዐቢይ ጾም ገባ። ቢያድግልኝ ከሰው ተለይቼ አልገድፍም አለ። ሽሮ ስለማይስማማው ደብሪቱ ከጓሮዋ ጎመን እየቀነጠሰች በጾም መፍቻውም በራቱም አቀረበችለት። የሐኪሙን ቃል አልረሳችም። ግን ሐኪም ሲከለክል የምታውቀው ጮማና ጨው ነው። «ጎመን በጤና» እየተባለች ያደገች ሴት ጎመን ሰው ይጎዳል ብላ እንዴት ትመን? ባሏ ሰሃኑን ጠርጎ ሲበላ ደስ ይላት ነበር።

ኪኒኑን ከሩቅ የሚያመጣው ፈንታሁን ነው። በጾሙ አጋማሽ መድኃኒት ቤቶቹ ሁሉ የለም አሉት። የቀረውን እያንዳንዱን ፍሬ በቢላ ለሁለት ከፈለው። ወንድሙ እንዳይደነግጥ ብሎም «ሐኪሙ ግማሽ ይበቃል ብሏል» አለው። ቢያድግልኝ ታላቁን ጠርጥሮ አያውቅም።

የውብዳር የአባቷን የደም ምርመራ ውጤት ከሐኪም ቤት የተቀበለችው ስቅለት ዕለት ነው። «ደሙ ቶሎ እየረጋ ነው፤ ዛሬውኑ አምጪው» አሏት። ይህን ሁሉ ቀን የጾመ አባት በሁለት ቀን ፋሲካ ይለፈው? አንጀቷ እምቢ አላት። ወረቀቱን ሸሸገችና ከበዓሉ በኋላ እነግረዋለሁ አለች።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ ቢያድግልኝ ዳቦውን ሊቆርስ ቢላ እንዳነሳ ትንፋሽ አጠረው። ደም ረግቶ ብረቱን አልላወስ አሰኝቶት ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ ደረቱ እንደገና ይከፈት ተባለ። ሐኪሙም አልደበቀም፤ ከዚህ የሚተርፈው ጥቂት ነው አለ።

ሦስቱ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆመው ያጠፉትን ተነጋገሩ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ያ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ነርስ ወጣች።

«አንድ ሰው ብቻ ገብቶ ይሰናበተው፤ ቶሎ በሉ።»

«እኔ ልግባ ወንድም ጋሼ» አለች ደብሪቱ። «በእጄ ነው ያጎረስኩት። ይቅር ሳይለኝ ከሄደ ከእንግዲህ እሳት አላነድም።»

«አንቺስ ይጎዳል ብለሽ ሳታምኚ ነው፤ እኔ ዋሽቼዋለሁ» አለ ፈንታሁን። «ወንድሜ አምኖኝ ነበር።»

«እኔ ሁለት ቀን ነበረኝ» አለች የውብዳር። «ማዳን የምችለው እኔ ነበርኩ።»

ደብሪቱ የልጇን ፊት አየች። ይህች ልጅ ይህን ተሸክማ ስንት ዓመት ልትኖር ነው? ግቢ ልበላት ብላ አፏን ከፈተች። ግን ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረችውን ባሏን ሳትሰናበት መቅረት አቃታት፤ በራሷም አፈረች።

«ራሱም ያለው ነገር አለ» አለች ነርሷ። «‹ማንም ይምጣ፤ ብቻ የሚያለቅስ አይግባብኝ› ብሏል።»

ሦስቱም ፊታቸውን ጠረጉ። የአንዳቸውም ዓይን አልደረቀም።

ይጎዳል ብላ ሳታምን ያጎረሰችው ናት፣ ወዶት የዋሸው ነው፣ ወይስ ልታድነው ስትችል የዘገየችው? እናንተ ሰሚዎች ፍረዱ። ነርሷ በሩን ልትዘጋ ነው፤ ማን ይግባ?