የጓሮ በር

አንድ የቴአትር መድረክ የሚሠራ አናጺ ነበር። ትርንጎ የምትባል ልጅ አለችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አሁን የሠርጓ ቀን ተቃርቧል። ሰውየው እረፍት አጣ። ሳንጨዋወት ልትሄድብኝ ነው ይላል በልቡ። ምን እንደከለከላቸው ግን አያውቅም።

በዚያው ሰሞን አባትና ልጆች የሚዋደዱበት ቴአትር መጣ። የመድረኩን ቤት ሥራልን አሉት፤ ሠራ። ከፊት ትልቅ በር። ወደ በሩ የዞረ ባለመደገፊያ የአባት ወንበር። ከወንበሩ ጀርባ ዝቅ ያሉ ዱካዎች። ከዱካዎቹ አጠገብ የጓሮ በር።

ልምምድ ተጀመረ። አባት የሆነው ተዋናይ ገባ። ልጆች የሆኑት ብድግ ብለው «ኖር» አሉና በጓሮ በር ወጡ። አባትየው ብቻውን ቀረ።

አዘጋጁ አስቆማቸው። «ምን ነካችሁ? ድርሰቱ ከበውት ይጫወታሉ ነው የሚለው።»

ልጅቱን የምትጫወተው ተዋናይ ሳቀች። «ምን ላድርግ? ብድግ ስል እግሬ ደጅ ነው። ብቀመጥም የማየው ማጅራቱን ነው። ከማጅራት ጋር ምን ይወራል?»

አናጺው ዱካዎቹን ወደ ግራ ወሰደ፣ ወደ ቀኝ መለሰ። ወንበሩን ገፋ፣ ጎተተ። አባት በገባ ቁጥር ልጆቹ ይወጣሉ።

«የጓሮ በሩ ቢዘጋስ?» አለ አዘጋጁ።

አናጺው ተቆጣ። «አባት ሲገባ ታዲያ ልጆች በየት ሊወጡ ነው?»

ሁሉም ዞረው አዩት። ተዋናይዋ ቀስ ብላ፣ «ለምን ይወጣሉ ጋሼ?» አለችው።

መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። እሱ ቤት ሲገባ ትርንጎ ብድግ ትላለች። «ኖር» ብላ በጓሮ በር ትወጣለች። እሱም «በእግዜር» ይላል፣ ለጀርባዋ። ጨዋ ልጅ አሳደግሁ ብሎ የሚኮራው በዚህ ነበር።

ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ትልቁን በር አልፎ በጓሮ ዞሮ ገባ። ትርንጎ ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ብድግ ልትል ስትል ሌላ ዱካ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አባባ፣ በር ተሳሳቱ እንዴ?»

«እስከ ዛሬ ነው የተሳሳትኩት። ሰፌዱን ወዲህ በይው።»

ሰፌዱን ወደ መሀል ገፋችለት። እጁን ጥቂት አየችና፣ «የሚለቀመው ጠጠሩ ነው አባባ፣ ምስሩ አይደለም» አለችው። ሳቁ። ከዚያ ስለ ሙሽራው ጠየቃት። ምስሩ አልቆም ወሬው አላለቀም።

በማግስቱ የመድረኩን ትልቅ ወንበር አውጥቶ ከዱካዎቹ መሀል አንድ ዱካ ጨመረ። የጓሮ በሩን አልዘጋውም። ማንም አልወጣበትም።

የቤት ዕቃ አቀማመጥ ሰው የደበቀውን ይናገራል። ተነሡልኝ ብለን የምንኮራ ብዙ ነን፤ ተነሥተው የት እንደሄዱ አናይም። መከበር ደግ ነው። ካከበረን ሰው ጋር አብሮ መቀመጥ ግን ይበልጣል። እርስዎ ሲገቡስ፣ ከተነሡት ውስጥ ተመልሶ የሚቀመጥ አለ?