የደብሪቱ መሬት ምን ተብሎ ተጻፈ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ያቺ እናቴ ሁሌ የምትላት አባባል ትዝ ትልሻለች? ባለፈው ሰምተሽ «ይሄ ደሞ ከየት የመጣ ነው?» ያልሽኝ? ታሪክ አላት እኮ። አባባሏን ግን አሁን አልደግምልሽም፤ ከደገምኩልሽ ታሪኩን እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። በደንብ ተቀመጪ።

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፣ ምንጃር በኩል፣ መሬት በገመድ እየተለካ ግብር በሚከፈልበት ዘመን። ያኔ መሬት ሦስት ስም ነበረው። ደህና የሚያበቅለው «ለም» ይባላል፣ መካከለኛው «ለም ጠፍ»፣ የማይረባው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ደሞ «ጠፍ»። ግብሩም እንደ ስሙ ነው። ለም ብዙ ይከፍላል፣ ጠፍ የሱን ሲሶ።

ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች፣ ባሏ ሰብስቤ ይባላል። አባቷ ሲሞቱ ወንዝ ማዶ ያለውን ጥቁር መሬት ለሷ ተናዘዙላት። መሬቱ ምንም አልነበረበትም፣ ችግሩ የመጣው ከበሬ ነው። ከሰብስቤ ሁለት በሬዎች አንዱ በበሽታ ሞተ። አንድ በሬ ደሞ ብቻውን አያርስም፣ ስለዚህ ጎረቤቱ አያ ሽብሩ ካላቸው አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገባ። ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ማለት ነው። በዚያች ተራ የደጃቸውን ማሳ አረሱ እንጂ ወንዝ ማዶ መድረስ አልቻሉም። የደብሪቱ መሬት ሦስት ክረምት ጦሙን አደረ። ግብር ግን ጦም አያድርም፣ በላይ በላዩ ተቆለለ።

በመጨረሻ የግብር ሹሙ ላከባቸው። ከመስቀል በኋላ መጥቼ መሬቱን አይቼ እመዘግባለሁ፣ የሦስት ዓመቱ ውዝፍ እስከ ፋሲካ ካልገባ መሬቱ ወደ መንግሥት ይዞራል አለ።

ደብሪቱን ምግብ አልበላ አላት። ለምን መሰለሽ? ልጅ አልነበራትም። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሌላዋን ሴት «የእገሌ እናት» እያሉ ሲጠሩ እሷን እንደዚያ ብሎ የሚጠራት አልነበረም። በሷ ስም የሚጠራ ነገር ቢኖር ያ መሬት ብቻ ነው። ከብት የጠፋበት ሰው «የደብሪቱ መሬት ጋ አየሁት» ሲባል ስትሰማ ደስ ይላታል።

እና ምን ይደረግ? ምርቱን ተካፍሎ የእኩል የሚያርስ ሰው ፈለጉ። ሰውዬው ዞሮ አየና «ውዝፍ ያለበት መሬት ላይ ዘሬን አልበትንም፤ አጭጄ ሳልጨርስ ቢወስዱትስ?» ብሎ ሄደ።

የሰብስቤ ታላቅ እህት እታፈራሁ ደሞ «ሽጡት» አለች። «ለማን ልታወርሱት ነው የምትሳሱለት?»

ይቺ እታፈራሁ ምላሷ አያድርስ ነው። በሰኔ ሚካኤል ዝክር ላይ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ የደብሪቱ መሬት ዘንድሮም አለመታረሱ ተነስቶ ነበር። እታፈራሁ ዳቦዋን እየቆረሰች «መሬቷም እንደሷ ነው፣ ምን ያድርግ» አለች። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ደብሪቱ ማሰሮውን እንደያዘች ዞራ ለቀሪዎቹ ቀዳች። ወንዶቹ በወዲያ በኩል ስለነበሩ ሰብስቤ አልሰማም ብላ አሰበች፣ ለሱም አልነገረችው።

መላውን ያመጡት አያ ሽብሩ ናቸው። ሹሙ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ማታ መጡና ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ሦስታችን ሽማግሎች ጠፍ ነው ብለን እንምልላችኋለን። ሦስት ዓመት ያልታረሰ መሬት ጠፍ ቢባል ማን ይፈርዳል? ጠፍ ተብሎ ከተጻፈ ውዝፉም በጠፍ ይታሰባል። ያቺን ከፍላችሁ መሬታችሁን ትይዛላችሁ።»

«በሐሰት ሊምሉልን?» አለ ሰብስቤ።

«ከንስሐ አባቴ ጋር እጨራረሰዋለሁ፣ አንተ ምን አገባህ። ካንተ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው።»

ደብሪቱ ፈጠን ብላ «ይላል፣ ለምን አይልም» አለች። ሰብስቤ እሳቱን ነካካ።

ቀኑ ደረሰ። ሹሙ ከነጸሐፊው መጣ፣ ሽማግሎቹ ተደርድረው ቆሙ፣ ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከባሏ ጎን። መሬቱ አረም ብቻ ነበር፣ እስከ ጉልበት። ሹሙ አየት አደረገና «ይሄማ ምን ያጠያይቃል» አለ። ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ።

«በሉ፣ ደንብ ነውና ባለቤቱ በአፉ ይናገር። ምን ይባል?»

ደብሪቱ ሰብስቤን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። በል እንጂ ማለቷ ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነ፣ በጣቱ ፈተፈተው።

«ለም ነው» አለ።

አያ ሽብሩን ሳል ያዛቸው። «ሰብስቤ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?»

ሹሙ «ለም ካልክ በለም ነው የምትከፍለው፣ የሦስቱንም ዓመት» አለ።

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ለመሆኑ ምን በቅሎበት አይተህ ነው ለም ያልከው?»

«በሬ ያጣሁት እኔ ነኝ» አለ ሰብስቤ። «መሬቱ ምን በደለና ነው ጠፍ የምለው?»

ጸሐፊው ሹሙን አየ፣ ሹሙ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ተጻፈ። በቃ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አያ ሽብሩ መንገዱን ሙሉ ተንጨረጨሩ። «እኔ ነፍሴን አስይዤ ልዋሽለት መጥቼ እሱ ቆሞ እውነት ይናገራል! ሁለተኛ በሬዬን እንዳታስበው።»

ደብሪቱ ግን ቤት እስኪገቡ ጠበቀች። በሩን ዘጋች።

«እኔ ራሴ በል አላልኩህም? ጠፍ ቢሉት መሬቱ አይሰማ፣ አያለቅስ። አሁን ከየት አምጥተን ነው የምንከፍለው? የአባቴን መሬት በአፍህ አስወሰድከው እኮ።»

ሰብስቤ ቁጭ ብሎ እግሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ ይልጥ ነበር። ቀና አላለም።

«የሰኔ ሚካኤል ዕለት እታፈራሁ ያለችውን ሰምቻለሁ» አላት።

ደብሪቱ ባለችበት ቆመች።

«እሷ በአፏ ያለችውን» አለ፣ «እኔ ደሞ በመንግሥት መዝገብ ላስጽፈው? ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ሳይሽ፣ አልወጣ አለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰብስቤ ሲነሳ ደብሪቱ የለችም። ወንዝ ማዶ ቢሄድ ዶማ ይዛ አረሙን እየነቀለች ነው፣ አንድ መደብ የምታህል ጠርጋለች። እሱም ማጭዱን አምጥቶ ገባ። ሽምብራ እንደሆነ ደግ እህል ነው፣ ክረምት ከወጣ በኋላ መሬት በያዘው እርጥበት ብቻ ይበቅላል፣ ገና አልመሸባቸውም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አያ ሽብሩ ሁለቱንም በሬዎች፣ የራሳቸውንም የሰብስቤንም፣ እየነዱ ብቅ አሉ።

«እንዳታናግሩኝ፣ አኩርፌያለሁ» አሉ። «በሬዎቹ ግን አላኮረፉም።»

ዘሩን ተበድረው ዘሩ። ሽምብራው እስኪደርስ ደሞ ጤፍ አጨዳ ሲጀመር ሰብስቤ ለሰው ለማጨድ ወጣ። ባለርስት ሰው በሰው ማሳ ላይ ለዕለት ምንዳ ማጎንበሱ ያኔ ትልቅ ውርደት ነው። ደብሪቱም አብራው ወጣች፣ እሱ ሲያጭድ እሷ ነዶ ታስራለች። የሚያያቸው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። እነሱ ግን ምሳቸውን ከአንድ አገልግል እየበሉ የሆነ ነገር ተባብለው ይሳሳቁ ነበር አሉ።

ልጅ ወለደች ልልሽ መስሎሽ ከሆነ፣ አልወለደችም። እንደዚያ አይነት ታሪክ አይደለም።

የምንዳው ላይ ሽምብራው ተሸጦ ተጨመረበትና ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ሁለቱም ሄደው ከፈሉ፣ አያ ሽብሩም ምስክር ሆነው። ጸሐፊው ደረሰኙን ሲሰጥ ደብሪቱ ተቀበለችና መልሳ ዘረጋችለት።

«የመሬቱ ስም የተጻፈበትን አንብብልኝ፣ ወንድሜ።»

«ለም ይላል።»

«እስቲ ድገመው።»

ጸሐፊው ሳቀና «ለም፣ እህቴ፣ ለም» አላት። አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ሲመለሱ እታፈራሁ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ሰብስቤ ከስቷል፣ ፊቱ በፀሐይ ከስሏል፣ እጁ በማጭድ ተቆራርጧል። ወንድሟ ነውና አሳዘናት መሰለኝ፣ ግን ምላሷ ሌላ አያውቅም።

«በአንዲት ቃል ሲሶውን ከፍለህ ትተኛ አልነበር?» አለችው። «ምን አለበት ጠፍ ብትል?»

ደብሪቱ መሬት መሬቱን አየች። ያን ሁሉ ጊዜ «እብድ ነው» ሲሉት የከረሙት ጓደኛው አያ ሽብሩ ናቸው የመለሱላት፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ረጋ ብለው። ያሉትን አንድም ቃል ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

«የወደዱትን ጠፍ አይሉትም።»