የአርባ ዝግባ ገዢ

መሬት እንደ ሰንጋ ዋጋ ተቆርጦለት በሚሸጥበት በአንድ ወቅት፣ ወንድይፍራው የሚባል የወፍጮ ቤት ሰው ነበረ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሞተር አጠገብ ቆሞ የሰው እህል ፈጭቷል። ሞተሩ ሲጮህ ደንበኛው ይጮሃል፣ ደንበኛው ሲጮህ እሱም ይጮሃል፤ እቤቱ ገብቶ ሚስቱን «ጨው አቀብይኝ» ሲላት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። እንዲህ እንዲህ ሲል ጆሮው ተበላ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አየውና ነገሩን አልሸፋፈነለትም። «የቀኙ አልቋል፤ የግራውም መንገድ ጀምሯል» አለው።

አንድ ቀን ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰና ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። ወንድይፍራው የመዶሻ እጀታ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ ደን ሄደ። አርባ ዝግባ ይሏታል፤ ዝግባዎቹ ግን አርባ አይሞሉም፣ ስሙን ማን እንዳወጣላት እንጃ። ዙሪያዋ ታርሶ ታርሶ መላጣ ሲሆን እሷ ብቻ ቀርታለች። ዛፎቿን ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም፤ የአገሩ አዛውንቶች «እኛም ስንወለድ እንዲሁ ነበረች» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። ወንድይፍራው ከትልቁ ዝግባ ሥር ቆሞ ሳለ አንዲት ቅጠል ከላይ ወርዳ ደረቁ ቅጠል ላይ ስታርፍ ሰማት። ያን ያህል ዓመት ከጩኸት ያነሰ ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ ቅጠል ሲወድቅ ሰማ። እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ይላል፤ ሚስቱ ግን ለሁላችንም ነግራናለች።

ወዲያው በወፍጮው ላይ የነበረውን ድርሻ ሸጦ ደኗን ከባለርስቱ ገዛ። ሦስት ምስክር ቆመ፣ ጣት ተቀብቶ ተፈረመ፣ ወረቀቱም በቆዳ ተጠቅልሎ ከብብቱ ገባ።

«ልታርሳት ነው?» አለችው ሚስቱ።

«አይደለም።»

«ልትቆርጣት?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጋት ነው?»

«ልቀመጥባት።»

ሚስቱ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላናገረችውም። ለእሱ ግን ቀኑ የሰርግ ዋዜማ ሆኖለታል።

በመጀመሪያው ቀን ከወደቀ የወይራ ግንድ ላይ አጎዛውን አነጠፈ፣ ጫማውን አወለቀ፣ የግራ ጆሮውን ወደ ዝግባው አዘንብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ነፋሱ ከላይ ጀመረ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። ይኼኔ «ማነህ አንተ! አይቼሃለሁ፣ ውጣ!» የሚል ድምፅ ደኗን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቃት፤ ተከትሎም ቆርቆሮ ተቀጠቀጠ።

ወይዘሮ ዘርፌ ነበሩ። ከደኗ ጫፍ ባለች ጎጆ የሚኖሩ፣ ጥበቃውን ከአባታቸው የወረሱ ሴት ናቸው። ደመወዛቸው ጎጆዋና ነፋስ የሚጥለው ጭራሮ ነው። ጠመንጃ የላቸውም፣ ጉልበታቸውም ደክሟል፤ ስለዚህ ደኗን የሚጠብቁት በጉሮሯቸው ነው። ከጥዋት እስከ ማታ ይጮሃሉ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። ባለቤቷ» አላቸው።

«አውቄሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይጮሃሉ?»

«ላንተ ማን ጮኸ? ለሌባ ነው።»

«ሌባ የለማ።»

«ስለምጮህ ነዋ የሌለው።»

ወንድይፍራው ለመናቸው። ዝም ይበሉልኝ እንጂ ጎጆዋም ጭራሮውም እንደ ድሮው የእርስዎ ነው አላቸው። ወይዘሮ ዘርፌ ግን ተቀየሙ። «ዝም ብዬ የምበላው እንጀራ አይዋጥልኝም። ገዛሁ ገዛሁ ትላለህ፤ የገዛኸው ወረቀት ነው። ደኗ እንደሆነ አልተገዛችልህም» ብለው ቆርቆሯቸውን አነሱ።

በማግስቱ ከጎጆዋ ርቆ ወደ ማዶኛው ጠርዝ ሄደ። እዚያም ኩራባቸው አለ። ኩራባቸው ንብ አንቢ ነው፤ በባለርስቱ ፈቃድ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀፎዎቹን በዛፎቹ ላይ የሰቀለ፣ ማሩን ለሰርጉ ጠጅ ያሰበ ጎልማሳ።

«ጋሼ፣ እዚያ ግንድ ላይ ባይቀመጡ ጥሩ ነው። የንቦቹ መንገድ ነው» አለው።

«ግንዱ የኔ ነው።»

«ግንዱማ የእርስዎ ነው። መንገዱ ነው የነሱ።»

ወንድይፍራው እልኸኛ ነውና ተቀመጠ። ዓይኑ እስኪደፈን አብጦ፣ በሚስቱ ተመርቶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ያን ቀን ማናገር ጀመረች፤ ያለችውን ግን እዚህ አልደግመውም።

ከዚያ በኋላ የሞከረው ሙከራ ብዙ ነው። ማለዳ ቢሄድ ወይዘሮ ዘርፌ ሌባ የሚወደው ማለዳውን ነው ብለው ይጮሃሉ። እንደ እሳት በሚያቃጥል ፀሐይ ቢሄድ ንቡ በሙቀት ተቆጥቷል። በዝናብ ቢሄድ ዝናቡ ራሱ ጆሮ ይደፍናል። ይባስ ብሎ ሁለቱ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ኩራባቸው የሳቸው ቆርቆሮ ሁለት መንጋ አስኮበለለብኝ ይላል፣ ወይዘሮ ዘርፌ ደግሞ የሱ ንብ ጭራሮ አላስለቅም አለኝ ይላሉ። ክሱን ሁለቱም ይዘው የሚመጡት ወደ ባለቤቱ ነው፤ ሁለቱም የሚያወሩት በአንድ ጊዜ ነው። ወንድይፍራው በሁለት ዓመት ውስጥ በገዛ ደኑ ውስጥ አንዲት ቅጠል ስትወድቅ አልሰማም። ውስጡ አረረ። ለሞተሩ ጩኸት እንኳ ማጥፊያ ነበረው።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ወር ጤና ጣቢያ ሄደ። ድሬሰሩ ከግራ ጆሮው አጠገብ ሰዓት አስቀመጠና «ይሰማሃል?» አለው። አልሰማውም። «እንግዲህ የምትሰማው ነገር ካለ ከክረምቱ በፊት ስማ» አለው ድሬሰሩ፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ መድገም ነበረበት።

በዚያው ቀን አንድ የጣውላ ነጋዴ የላካቸው ስድስት ሰዎች መጋዝ ይዘው አርባ ዝግባ ገቡ።

ወይዘሮ ዘርፌ መጀመሪያ አዩአቸው። ጮሁ፤ እነሱ ግን እንደተለመደው ሌባ አልነበሩምና አልሸሹም። አንዱ በመጋዙ እጀታ ደረታቸውን መትቶ ጣላቸው። ወድቀውም መጮሃቸውን አልተዉም። ድምፃቸው ከማሳ ማሳ አልፎ ኩራባቸው ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ደም ተፉ።

ኩራባቸው እየሮጠ ደረሰ። ስድስት ሰው ለብቻው እንደማይችል ገባው። ማሩ ሊቆረጥ የቀረው ሳምንት ነበር። ከሰዎቹ ራስ በላይ ወዳለው ቅርንጫፍ ወጥቶ የቀፎዎቹን ገመድ ባንድ ባንዱ ቆረጠው። ቀፎዎቹ እየወደቁ ተፈረከሱ፣ ንቡ ሰዎቹን መጋዛቸውን አስጥሎ አባረራቸው። ማሩ አፈር ጠጣው፣ መንጋው ተበተነ፣ ሰርጉም ቀረ፤ የልጅቱ አባት ባዶ እጁን የሚመጣ አማች አልፈልግም አለ።

ወንድይፍራው በማግስቱ ደረሰ። ነጋዴው ጭቃ ሹሙን አስከትሎ መጥቶ፣ ባለቤት የሌላት ደን ውስጥ ሰዎቼ ተጠቁ እያለ ይከሳል። ወንድይፍራው ወረቀቱን ከብብቱ አውጥቶ ዘረጋ። ጭቃ ሹሙ አነበበና ነጋዴውን «ና እንሂድ» አለው። ነጋዴው ግን ብልጥ ነው፤ ስለ ወንድይፍራው ጆሮ ወሬ ሰምቷል። ጠጋ ብሎ «አምስት ዝግባ ብቻ ስጠኝ፤ አዲስ አበባ ትልቅ ሐኪም ዘንድ ወስጄ አሳክምሃለሁ። ወዳጄ ነው፣ ያድንሃል» አለው። ወንድይፍራው ወረቀቱን መልሶ በቆዳው ጠቀለለውና «አንድም አልሰጥህም» አለ።

ደኗ ዳነች። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወይዘሮ ዘርፌ ከአልጋቸው ሲነሱ፣ ከእንግዲህ ማንም ዝም በይ እንዳይለኝ፣ በደኗ ውስጥ የማዝዘው እኔ ልሁን አሉ። ኩራባቸው ደግሞ ቀፎዬን ሁሉ ለደኗ ሰጥቻለሁ፤ አዲስ ቀፎ መሀሏ ላይ ልስቀል፣ ንቡ እስኪለምድ ግን ቆርቆሮም ይቅር፣ ሰውም አይግባባት አለ። ወንድይፍራው ሁለቱንም አዳምጦ፣ ማለት የሰማውን ያህል ሰምቶ፣ «እኔ ክረምቱ እስኪገባ ብቻ ዝም በሉልኝ ነው የምለው። ይኸው ነው። ደግሞ የገዛኋት እኔ ነኝ» አለ።

ነገሩ ለሦስት ሽማግሌዎች ተሰጠ። የት ይሰብሰቡ ሲባል ጥላው ይሻላል ተብሎ፣ የት ሆነ መሰላችሁ፣ እዚያው ከትልቁ ዝግባ ሥር። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ቀን ስለ ደኗ ድንበር ሲከራከሩ ዋሉና ቀጠሮ ሰጡ። ሁለተኛውን ቀን ከመካከላቸው ማን አስቀድሞ ይናገር በሚለው ተጣሉና ቀጠሮ ሰጡ። ወንድይፍራው ሁለቱንም ቀን አጎዛው ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እየነከሰ አሳለፈ። ሰኔ ገብቷል፣ ደመናው ከብዷል፤ እነሱ የሚከራከሩት ደግሞ እሱ ሊሰማበት ካሰበው ቦታ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ባለ ከዘራው ሽማግሌ ተነሡ። «ደኗ ለዘርፌ ትገባለች። እሷ ባትጮህ ኩራባቸው ከየት ይሰማ ነበር? ወረቀቱስ ቢሆን ይደርስ የነበረው ዛፎቹ ከተጋደሙ በኋላ አይደለም ወይ? ዝም ትበል ካላችሁ ደግሞ ሌላ መጋዝ ይመጣል።»

ጺማሙ ሽማግሌ «እኔ ለኩራባቸው እላለሁ» አሉ። «ጩኸትማ ጮኸች፤ ሰዎቹ መቼ ሸሹ? ያባረራቸው ንቡ ነው። ያለውን ሁሉ አፈር ላይ ያፈሰሰ እሱ ነው። ንብ ካለባት ሌላ ጠባቂ አትፈልግም።»

ሦስተኛው፣ ከሁሉ በዕድሜ የሚያንሱት፣ «ወንድይፍራውን የት ጣላችሁት?» አሉ። «ንቡ ስድስት ሰው አባረረ፤ ነጋዴውንና ሹሙን ማን መለሰ? ያለ ወረቀቱ ኩራባቸው ዛሬ እስር ቤት ነበር። ይህ ሰው ለአምስት ዛፍ ጆሮውን ሰጥቷል። የሚለምነው ደግሞ ጥቂት ቀን ብቻ ነው።»

«ጥቂት ቀን ዝም ከተባለ እኮ ነጋዴው የሚጠብቀው ያንን ነው» አሉ ባለ ከዘራው።

«እንግዲያው በተራ ያድርጉት» የሚል ሐሳብ ከተሰብሳቢው መጣ።

«ለንብ ተራ ማን ያስተምረዋል?» አሉ ጺማሙ።

ይህን ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሡ። ከዘራው መሬት ይመታል፣ ጺሙ ይንቀጠቀጣል፣ ወይዘሮ ዘርፌ ደረታቸውን ይዘው ይጮሃሉ፣ ኩራባቸው የተሰበረ ቀፎ ይዞ ያሳያል። በመጨረሻ ታናሹ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው «ቆይ፣ ቆይ፤ ባለጉዳዩንስ ማን ጠየቀው?» አሉና ወደ አጎዛው ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ፣ ወንድይፍራው?»

የወንድይፍራው ዓይን ዝግባው ጫፍ ላይ ነው።

«ወንድይፍራው!»

ዘወር ብሎ አፋቸውን አየ። ከዚያ ሁሉንም ባንድ ባንዱ አያቸው። «ጀመራችሁ እንዴ?» አለ።

ወይዘሮ ዘርፌ ቆርቆሯቸውን ቀስ ብለው ሣር ላይ አስቀመጡ። ኩራባቸው ባለበት ቀረ። ሽማግሌዎቹ ዓይን ለዓይን ተያዩና ድምፅ ሳያሰሙ ተቀመጡ። ወንድይፍራው ሁሉም አፋቸውን መዝጋታቸውን ካየ በኋላ የግራ ጆሮውን ወደ ግንዱ አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። በአርባ ዝግባ ውስጥ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዝም አለ። ከላይ ነፋሱ ተነሣ፣ ቅጠሎቹ መውደቅ ጀመሩ፤ እኛ በደንብ ሰማናቸው። እሱ ይስማ አይስማ ከፊቱ ማወቅ አልቻልንም፤ ለመጠየቅ ደግሞ ዝምታውን ማፍረስ ሊኖርብን ነው።

ከማዶ፣ ከመንገዱ በኩል፣ የነጋዴው ጋሪ ድምፅ ይሰማል። ወይዘሮ ዘርፌ ሰምተዋል፤ እጃቸው ወደ ቆርቆሮው ሄዶ ሳይደርስ ቆሟል። ኩራባቸውም ሰምቷል፤ የሚያወርደው ቀፎ ግን የለውም። ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልፈረዱም። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፦ ደኗ ለማን ትገባለች?