ውሻውና የአበባ ፍራሹ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ በሆነ ሰሞን፣ መቻል የሚባል ውሻ ማከክ ጀመረ። ማከክ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ያስነጥሳል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ መዳፉን ይልሳል፣ ጀርባውን ከአጥሩ ጋር ሲፈትግ አጥሩን ሊጥለው ምንም አልቀረውም።

አብራው በአንድ ግቢ የምትኖረው አህያ እንቅልፍ አጣች። መቻልን ከልቧ ትወደዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን የራሷም ጉዳይ ነበረበት። እሱ ከደከመ ወንዝ ማዶ ያለው አያ ጅቦ ከነጆሮዋ እንደሚበላት ታውቃለች። ስለዚህ ልታስታምመው ቆርጣ ተነሳች። ለበዓል ቤት ሲጎዘጎዝ ያየችውን አስታውሳ፣ በየማለዳው ለምለም ሣርና አደይ አበባ በአፏ እየነጨች አመጣችና ወፍራም ፍራሽ አነጠፈችለት። መቻልም ደግነቷን እንዴት እንቢ ይበል፣ ተኛበት። ባሰበት። እሷም አበባውን ጨመረች።

ግራ ሲገባት መድኃኒት አዋቂ ነኝ የምትለውን እመት ቀበሮን ጠራች። ቀበሮዋ ደግሞ ከጅቡ ጋር ዶልታለች፤ አህያዋ ስትበላ አንድ ብልት ይደርሳታል። መጥታ መቻልን ከሩቅ አየችና አፍንጫዋን ያዘች።

«እህቴ፣ ይሄ እከክ ነው፤ ይጋባል። ዛሬውኑ ካላባረርሽው ነገ ያንቺም ቆዳ ይላጣል» አለቻት።

አህያዋ እያለቀሰች ወደ መቻል ሄደች። ልታባርረው አፏን ከፍታ ግን ቆም አለች።

«መቻል፣ አምናስ እንዲህ አላደረገህም?»

«አድርጎኛል። ካቻምናም እንዲሁ። አበባው ሲረግፍ ይተወኛል» አለና አስነጠሰ።

አህያዋ ማሰብ ያዘች፤ አህያ አያስብም የሚል ካለ ያን ቀን አላያትም። እከክ ከሆነ አብሬው እየተኛሁ እኔን ለምን አላሳከከኝም? ደግሞስ ወንዝ ገብቶ የወጣ ዕለት ሰላም አድሮ የለም? ከዚያ ዓይኗ ፍራሹ ላይ ዐረፈ። ለካስ ሕመሙን በገዛ አፏ ተሸክማ ስታመጣለት ነው የከረመችው። አፈረች፤ ወዲያው ግን ሳቋ መጣባት፣ እሱም እያስነጠሰ ሳቀ።

ፍራሹን ጠርጋ ጣለችውና ወንዝ ወስዳ አጠበችው። ከዚያ ወዲያ ከሜዳ ሲመለስ እግሩን ሳይታጠብ አይገባም፤ አበባው እስኪረግፍም ሣር ላይ መንከባለል ቀረ። መኝታው የተጠረገ መደብ ሆነ። ማሳከኩ ፈጽሞ ባይጠፋም ለቀቅ አደረገው።

አያ ጅቦ ግን፣ ውሻው የሚጋባ እከክ ይዞት ተባሯል ብላ ቀበሮዋ ስለነገረችው፣ ጀምበር እስክትጠልቅ እንኳ መታገሥ አቅቶት እየተጎማለለ መጣ። ከየትኛው ብልት ልጀምር እያለ ሲመርጥ፣ መቻል ከመደቡ ዘሎ ጭኑን ነከሰው። አያ ጅቦ ወንዙን በአንድ ዝላይ ተሻግሮ ቀበሮዋ ዘንድ ደረሰና ገላውን ከድንጋይ ጋር ይፈትግ ጀመር።

«እከኩ ተጋባብኝ፤ መድኃኒት አምጪ» አላት።

«ኧረ አያ ጅቦ፣ እከክ አይደለም፤ ዋሽቼ ነው» ብትለው ማን ይመናት። አንዴ ገላውን እያከከ፣ አንዴ እሷን እያባረረ፣ ከዚያ አገር አብረው ጠፉ።

ከዚህ የምንማረው፣ የታመመ ወዳጅን ከማባረራችንም ሆነ ያገኘነውን ሁሉ ከማድረጋችን በፊት፣ ሕመሙ መቼ እንደሚነሳና ከምን እንደሚመጣ ልብ ማለት እንዳለብን ነው።