ትርንጎና የሬዲዮዋ ማዞሪያ

አንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር የምትኖር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ጀልባዎች ከሚነሡበት ዳርቻ፣ ከሾላ ዛፍ ሥር፣ ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። አባቷ አያ ዘለቀ ደግሞ በትንሽ የሞተር ጀልባቸው ከማዶ ጌሾ እየጫኑ የሚያመላልሱ አረጋዊ ናቸው። እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አባትና ልጅ ከእርስ በርሳቸው በቀር ሌላ የቅርብ ሰው አልነበራቸውም።

በዚያ ሐይቅ ዳር አንድ የቆየ ልማድ አለ። ውኃ ላይ የወጣ ሰው ከዳርቻው ፊት ለፊት ካለው ጥቁር አለት ዘንድ ሲደርስ ወደ ዳርቻው ዞሮ «አለሽ?» ብሎ ይጣራል። ዳር የቀረው ሰው «አለሁ!» ብሎ ይመልሳል። ሌላ ወሬ የለውም። የትርንጎ እናት ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ባሏ በተጣሩ ቁጥር፣ ድስቷን ጥላ ብድግ እያለች «አለሁ!» ስትል ኖራለች። አንድም ቀን «ሥራ ይዣለሁ» ብላ አታውቅም ይባላል።

ከጊዜ በኋላ የጀልበኞቹ ማኅበር በእጅ የሚያዙ የውኃ ላይ ሬዲዮዎች ገዛ። ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ፣ ለዳርቻው አንድ። የዳርቻውን ማን ይያዝ በተባለ ጊዜ ሁሉም ወደ ትርንጎ ጠቆሙ። ከጠዋት እስከ ማታ ከሾላው ሥር የማትጠፋ እሷ ነበረች።

አጠቃቀሙን ሊያስተምር ባለሙያ ከከተማ መጣ። ጀልበኞቹን ከሾላው ሥር ሰበሰበና አንዱን ሬዲዮ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«መጀመሪያ ባትሪውን ሙሉ ቀን ቻርጅ ታደርጉታላችሁ። ጠጥቶ ሳይጠግብ አታስነሡት። አንቴናውን እስኪጠብቅ ታዞሩታላችሁ። ሁላችሁም አንድ ቻናል ላይ ትሆናላችሁ፤ ሌላ ቻናል ላይ የወጣ ሰው ሌላ አገር ሄደ ማለት ነው። ለመናገር ይህችን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ለመስማት ትለቋታላችሁ።»

አያ ዘለቀ ቁልፏን ተጫኑና ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ጮኹ።

«ትርንጎ! አለሽ?»

ትርንጎ ሦስት እርምጃ ርቃ ነበር የቆመችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ዘለቀ ግን ቁልፏን እንደ ተጫኑ መልስ ይጠብቃሉ።

«ምነው ዝም አለች?»

«አያ፣ ይልቀቋት እንጂ! እርስዎ ጣትዎን ካላነሡ እሷ በየት በኩል ትግባ?» አለ ባለሙያው።

እሸቴ የሚባለው ቀልደኛ ጀልበኛ ቶሎ ገባበት። «ልማድ ነው! ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸውም ተራ ሳይደርሳቸው ነው የሄዱት።»

«ዝም በል አንተ!» አሉ አያ ዘለቀ እየሳቁ። «እሷስ ተራ ስታጣ በማማሰያ ነበር የምትወስደው።»

ሳቁ ሲበርድ ባለሙያው ሁለት ማዞሪያዎች አሳየ። «ይህ ድምፅ መጨመሪያ ነው። ይህኛው ሽሽታ መቀነሻ ነው። ሬዲዮ ሰው በማይናገርበት ጊዜ እንደ ጥብስ ዘይት ሽሽ ይላል። ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ሽሽታው ልክ ዝም ሲል እዚያው ላይ ተዉት። ከዚያ በኋላ የጤፍ ፍሬ ታህል አትጨምሩ።»

«ብንጨምርስ ምን ይሆናል?» አለች ትርንጎ።

«ይህ ዕቃ ሽሽታውንና ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ለይቶ አያውቅም። አንዱን ሲዘጋ ሌላውንም አብሮ ይዘጋዋል።»

በመጨረሻም ባትሪ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው የሬዲዮውን ኃይል ዝቅ ማድረግ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ግን ድምፁ ሩቅ እንደማይሄድ ነገራቸው። አያ ዘለቀ የመጀመሪያውን አጋማሽ በደንብ ሰሙ። ሁለተኛውን የሰሙት አይመስልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ዘለቀ ጥቁሩ አለት ዘንድ ብቻ መጣራታቸውን ተዉ። ጥቁሩ አለት ሲደርሱ «አለሽ?» ይላሉ። የወፎቹን ደሴት ሲያልፉ «አለሽ?» ይላሉ። ማዶ ወርደው ጌሾው እስኪጫን ሲጠብቁ «ጉማሬዋ ዛሬም ልጇን ይዛ ወጥታለች፤ ምሳ በላሽ?» ይላሉ።

«አባዬ፣ ይህ እኮ የማኅበር ሬዲዮ ነው። ቁም ነገር ነው የሚነገርበት» ትላለች ትርንጎ።

«ታዲያ አለሽ ወይ ማለት ቁም ነገር አይደለም?»

እሸቴ ከመሐል ይገባል። «አያ፣ እኔም አለሁ! እኔንም አንድ ቀን ይጠይቁኝ እንጂ።»

«አንተማ ጥብስ ዓሣ ባለበት የት ትጠፋለህ!»

መጀመሪያ ትስቅ ነበር። እየቆየ ግን ሰለቻት። እጇ በዱቄትና በዘይት ተለውሶ ሳለ ሬዲዮው ይጠራታል፤ እጇን ጠርጋ ስታነሣው «አለሽ?» ነው። ሽሽታውም አያርፍም። ዛሬ ስታስተካክለው ነገ ይመለሳል። ደንበኞቿም ይቀልዱባታል። «እኅቴ፣ የሚጮኸው ዘይቱ ነው ሬዲዮው?»

አንድ የገበያ ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ ከሾላው ሥር ሰው ሞላ። ዘይቱ ይንጫጫል፣ ሬዲዮው ይንጫጫል፣ ደንበኛ ይንጫጫል። ትርንጎ በክንዷ ላቧን ጠረገችና ሬዲዮውን አንሥታ የሽሽታውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ጸጥ አለ። እፎይ አለች።

ወዲያው የእሸቴ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ጀልባውን ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ነበር ያቆመው። «ትርንጎ፣ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አስቀምጪልኝ። ሎሚ በደንብ!»

«ሎሚው አልቋል፤ ምላስህ ይበቃዋል» አለችው። እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሬዲዮው ደህና ይሠራል አለች በልቧ። ሌሎች ቅርብ ያሉ ጀልበኞችም ተጣሩ፤ ሁሉንም ሰማች፤ ለሁሉም መለሰች። አባቷ ግን አልተጣሩም። «ተመስገን፣ ዛሬስ ሥራ ይዞታል» አለች።

ቆየት ብሎ ንፋስ ተነሣ። በዚያ ሐይቅ ንፋስ ሲነሣ ውኃው ጠዋት ያዩት ውኃ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሬዲዮው በድንገት ጮኸ።

«ትርንጎ! ትርንጎ! ፈረደ ነኝ፣ ከደሴቱ!»

ፈረደ በሐይቁ መካከል ባለው በወፎቹ ደሴት ደንገል እየቆረጠ ታንኳ የሚሠራ ብቸኛ ሰው ነው። ማኅበሩ የሰጠው ሬዲዮ ወድቆ ማዞሪያው የተሰበረ፣ ሌላው ሁሉ «ይህን አንፈልግም» ያለው ነበር። ሽሽታው የማይጠፋ ሬዲዮ ነው።

«ትርንጎ፣ አባትሽ ይጣሩሻል፤ አትሰሚም እንዴ?»

«አባዬ? የት ነው? ምን ሆኖ?»

«ሞተራቸው ጠፍቷል። ንፋሱ ከደሴቱ ማዶ ካለው ቋጥኝ ጋር እያጋጫቸው ነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እየተጣራሁ ነው ይላሉ። እኔ ደንገል ውስጥ ውዬ አሁን ገና ወደ ጎጆዬ መግባቴ ነው።»

ትርንጎ ማዞሪያውን አየችው። ወዲያው ወደ ኋላ መለሰችው። ሽሽታው እንደ ዝናብ ወረደ። ከሽሽታው ውስጥ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ አንድ ድምፅ ወጣ።

«... ትርንጎ ... አለሽ?»

«አለሁ! አባዬ አለሁ!» ብላ ጮኸች።

እሸቴ ከጀልባው ወርዶ ይበላው የነበረውን ዓሣ ከነሳህኑ ትቶ ጀልባው ላይ ዘለለ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሿን ጀልባ ማየት አልተቻላቸውም ነበር። በኋላ ግን ውኃው ላይ የተበተነ የጌሾ ቅጠል አዩ። አያ ዘለቀ ጀልባቸው እንዲቀላቸው እስሩን እየፈቱ ወደ ውኃው ጥለውት ነበር። ቅጠሉን ተከትለው ሄዱ። ሲደርሱ ሽማግሌው በመቅዘፊያቸው ቋጥኙን እየገፉ፣ ጀልባቸው እንዳይሰበር ይታገሉ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ዳርቻው አመጧቸው። በውኃ ርሰው ይንቀጠቀጣሉ። ሬዲዮው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ትርንጎ ጋቢ አልብሳ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸውና ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አልሰማሁህም። ሽሽታው አስጠላኝና ዘጋሁት።»

«አይዞሽ። እኔ ግን እሰማሽ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሁሉን ነዋ። ለእሸቴ ሎሚው አልቋል ያልሽውን። ምላስህ ይበቃዋል ስትዪ፣ ሞተሩ ጠፍቶብኝ ውኃው መሐል ሆኜ ብቻዬን ሳቅሁ። የእኔን ሬዲዮ ኃይሉን ዝቅ ስላደረግሁት መሰለኝ፣ አንቺ ዘንድ አይደርስም። የአንቺ ግን ይደርሰኛል። ስትስቂ እናትሽን ነው የምትመስዪው። ‹አለች› እልና ቋጥኙን እንደገና እገፋለሁ።»

ትርንጎ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ኃይሉን ለምን ዝቅ አደረግኸው?» አለች።

«ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅብኝ። ካለቀ በምን ልጠራሽ ነው?»

በማግስቱ ትርንጎ ሬዲዮውን ይዛ ጀልበኞቹ ፊት ቆመች። ያደረገችውን ሳትደብቅ ተናገረች። «ጆሮ ሁኚልን ብላችሁ ሰጣችሁኝ፤ እኔ ለራሴ ዕረፍት ብዬ ደፈንኩት። ለሌላ ሰው ስጡት።»

 በታንኳው ቀዝፎ የመጣው ፈረደ ነበር ቀድሞ የመለሰላት።

«እኔስ ማዞሪያ ቢኖረኝ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አልዘጋውም ነበር? የእኔ ስለተሰበረ ነው የሰማሁት። ላመሰግነው የሚገባኝ ስብራቱን ነው። አንቺ ግን ማዞሪያም አለሽ፣ አሁን ደግሞ የሚያስከፍለውን ታውቂያለሽ። ያዢው።»

«ዓሣዬ ደግሞ ትናንት ቀዝቅዞብኛል፤ እሱን ካልካሰችኝ የትም አትሄድም» አለ እሸቴ። ያኔ ሁሉም ሳቀ፤ ሬዲዮውም እጇ ላይ ቀረ።

ትርንጎ ያን ቀን ማዞሪያውን አስተካክላ፣ ሽሽታው በስሱ ከሚሰማበት ቦታ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገችበት። ለአባቷም ሁለተኛ ባትሪ ገዛችላቸውና ኃይሉን ከፍ አድርጋ ሰጠቻቸው። አያ ዘለቀ ሁለት ባትሪ ማግኘታቸውን ሲያዩ የሚጣሩበትን ቁጥር እጥፍ አደረጉት።

አሁንም ከሾላው ሥር ዓሣ ሊበላ የሚቀመጥ እንግዳ ሰው ሬዲዮው ሲንሾካሾክ ይሰማና «ይህን ነገር ዝም አታሰኚውም?» ይላታል።

«አይሆንም። አባቴ የሚመጣበት መንገድ ነው» ትለዋለች።

ወዳጆቼ፣ ቅርብ ያለና ብርቱ የሆነ ድምፅ ምንም ብናደርግ ይደርሰናል። አለቃው፣ ደንበኛው፣ ቀልደኛው ጓደኛ በር ቢዘጋባቸውም ይሰማሉ። እየደከመ የሚሄደው የሚወደን ሰው ድምፅ ግን ብቻውን አይመጣም። አሥር ጊዜ ከሰማነው ታሪክ ጋር፣ ከሳሉ ጋር፣ «በላሽ ወይ? ደረስሽ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። እኛ ያንን መሰልቸት ለመዝጋት ማዞሪያውን ስናዞር፣ ምን አብረን እንደምንዘጋ ማዞሪያው አይነግረንም። ጸጥታው ደስ ስለሚል ሁሉ ነገር ደህና ይመስለናል። ሩቅ ያለው ሰው ደግሞ አይቀየመንም፤ ሳቃችንን እየሰማ «አለች» ይላል።

ይህን ስጽፍ የእኔም ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ማን እንደሚደውል አውቃለሁ፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቀኝም አውቃለሁ። ጨርሻለሁና አሁን ላነሣው ነው።

የእናንተስ ማዞሪያ የት ላይ ነው ያለው?