ጆንያ ውስጥ የበቀለው የአበባ ዘር

አንድ ሰው ነበረ። ሩቅ አትሂዱ፤ እንደ እናንተ በሰንበት ነጠላውን አጣፍቶ ከፊት የሚቆም ሰው ነው። ግዛቸው እንበለው። አንዲት ልጅ አለችው፤ ውዳላት ትባላለች። ለእሷ ሽማግሌ ተላከበት። እሱ ግን ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይል ከደጅ መለሳቸው። ለምን? "የልጁን ወገን አላውቅም" አለ፤ አበቃ። ልጅቱም የወደደችውን ሰው ያለ አባቷ ምርቃት አገባችና ከከተማው ወጣች።

ቆይታ ሴት ልጅ ወለደች። በግንቦት ወር ደግሞ ከምትሠራበት የአበባ እርሻ አንድ ጆንያ ላከችለት። ውስጡ ያለው ልክ እንደ ሽንኩርት ራስ ራስ የሆነ የአበባ ዘር ነው። ያመጣው ሰው መልእክቷን ነገረው፦ "ሰኔ ሲገባ ይትከለው፣ ለመስከረም ያብባል ብላለች። ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ልጄን ይዤ ልምጣ ወይ ብላለች።"

ጥያቄዋ ይቺው ናት። ልምጣ ወይ? መልሱ ስንት ቃል ይፈጃል? ግዛቸው ግን "አስብበታለሁ" አለና ጆንያውን ዕቃ ቤት ወረወረው። እናንተዬ፣ ይህችን "አስብበታለሁ" የምትባል ነገር እናውቃታለን አይደል?

ሰኔ ገባ፤ አላሰበበትም። ሐምሌ ገባ። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ "ልጅቷን ምን ልበላት?" ስትለው "ቆይ እስቲ" ይላታል። ነሐሴም በ"ቆይ እስቲ" አለቀ።

ጳጉሜ ላይ ጣሪያው አፈሰሰና ባልዲ ፍለጋ ዕቃ ቤት ገባ። በጆንያው ቀዳዳ ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶ አየ። ፈታው። አፈር ሳያይ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ዘሩ በቅሏል። አንዱን አንስቶ ጫን ቢያደርገው ውስጡ ባዶ ነው። ሌላውም እጁ ላይ ፈረሰ። እህቶቼ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ጓዳ ውስጥ የተረሳ ሽንኩርት ሲበቅል የራሱን ሥጋ እየበላ ነው የሚበቅለው። ሰውየው እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ያለቀሰው ለአበባው አልነበረም።

ያልበሰበሰውን ለቃቅሞ ወጣ። ካፊያው እየወረደበት አጥሩ ሥር መቆፈር ጀመረ። አስካለ ከደጃፍ ሆና አየችው።

"አንተ ሰው፣ ክረምቱ ሊወጣ ነው እኮ" አለችው።

"አውቃለሁ፣ ዘግይቻለሁ። ብቻ ይብቀልልኝ። ሲያብብ እደውልላታለሁ። እስከዚያ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልጥራት?"

እዚህ ላይ ስሙኝ። አስካለ ዝምተኛ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ዝም አላለችም። "ልጅህ አበባ ጠየቀችህ እንዴ? ልምጣ ወይ ነው ያለችህ። ይሄ እስኪያብብ ለመኖርህ ምን ዋስ አለህ? እኔስ? ልጄን ሳላያት ብሞት አበባው ለማን ነው?" አለችው። ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። እሱ እጁ ጭቃ ነው፤ ራሷ ደውላ ጆሮው ላይ ያዘችለት።

"አቤት እማዬ" አለች ልጅቱ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ነይ ልጄ። ባለቤትሽንም ይዘሽ ነይ። የበደልኩ እኔ ነኝ።"

ውዳላትም "ጠበቅሁህ እኮ፣ አባዬ" አለችው።

"አውቃለሁ" አለ።

ለእንቁጣጣሽ መጡ። አበባ ነበረ? አልነበረም፤ አጥሩ ሥር ያለው ጭቃ ብቻ ነው። የልጅ ልጁ ግን በእግሯ እየሄደች ገባች። መቼ መራመድ እንደጀመረች እሱ አላየም፤ ያንን ቀን ማንም አይመልስለትም። አልዋሻችሁም፣ ከዘሩም አብዛኛው በስብሶ ቀረ፤ ጥቂቱ ኅዳር ላይ አጠር አጠር ብሎ አበበ። የዘገየ ነገር ሙሉ ሆኖ አይመጣም። ግን ይመጣል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወንድሙን ያላናገረ እዚህ የለም? እናቷን የተቀየመች የለችም? "ለበዓሉ"፣ "ሲመቸኝ"፣ "እጄ ሲሞላ" ትላላችሁ። ለእግዚአብሔርም እንዲሁ ነን፤ ትንሽ ልስተካከልና እመለሳለሁ እንላለን። ተስተካክላችሁ ነው የምትመለሱት ወይስ ተመልሳችሁ ነው የምትስተካከሉት? በልባችሁ ያቆያችሁት ቂም የተኛ ይመስላችኋል። አልተኛም፤ እናንተን እየበላ ነው።

የቀረ ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅር። አሁን የአንድ ሰው ስም በልባችሁ የመጣባችሁ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አለ። ነገን እኔ አላውቅም። ስለዚህ ምርቃቱን ሳትጠብቁ ተነሡና ወደ ግቢው ውጡ፣ ደውሉ። እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ስትመለሱ አብረን እንጸልያለን።