በጳጉሜን የሚከረከመው ጠምበለል

አንድ ሰው ነበረ፤ ግቢው ከሰፈሩ ሁሉ የጸዳ። መንገዱ ሁልጊዜ የተጠረገ፣ አጥሩ በገመድ የተለካ የሚመስል። ምንውየለት፣ «ልጄ ትርንጎ በወሩ መጨረሻ ለሥራ ሩቅ ከተማ ልትሄድ ነው፤ ከእኔ ጋር ግን ቁምነገር አታወራም፤ ማን መከረብኝ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አልረሳሁትም። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው ሲያገባ ሚስቱ ከእናቷ ደጅ የጠምበለል ሐረግ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ አመጣች። ከመስኮቱ ሥር ተከሉት፤ ያዘ። በዓመቱ እናቷ ሞቱ። ቤቱ ተሸጠ፤ የገዛውም ሰው ግቢውን እንዳዲስ ሲሠራ አሮጌው ጠምበለል አብሮ ተነቀለ። እንግዲህ ለሴትዮዋ ከእናቷ ደጅ የቀራት ይኸው በመስኮቷ ሥር ያለው ብቻ ሆነ። «ጥቅምት ሲገባ የእናቴ ደጅ ከሩቅ ያውድ ነበር» ትላለች።

ጥቅምት መጣ፣ ሄደ፤ አበባ የለም። በሁለተኛው ዓመትም የለም። ገና ሥር እየሰደደ ነው ተባለ። በአራተኛው ዓመትም ያው ቅጠል ብቻ። ሰውየው ሚስቱን ይወድ ነበር፤ ይህን ልብ በልልኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ፍግ ተሸክሞ መጥቶ ከሥሩ አለበሰው፤ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣው። ተክሉ ወፈረ፣ ቅጠሉን አንዠረገገ፤ አንዲት ነጭ ነገር ግን አላሳየም። የጎረቤቱ ጠምበለል ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው፣ በኩሽናው ጣሪያ ላይ እንደ ልቡ ተንጠላጥሎ፣ በየጥቅምቱ ነጭ ይለብሳል። ይህ ሰውየውን አንገበገበው። «የእኔን ዓይን በልቶት ነው እንጂ!» አለ።

ሰውየው አንድ ልማድ ነበረው። ጳጉሜን ስትገባ ለዘመን መለወጫ ግቢውን ያሰናዳል። ግድግዳውን ኖራ ይቀባል፣ አጥሩን ያስተካክላል፣ በመጨረሻም መቀሱን ይዞ ወደ ጠምበለሉ ይሄዳል። ወጣ ወጣ ያለውን ጫፍ ሁሉ ከርክሞ ድቡልቡል ያደርገዋል። ለእንቁጣጣሽ የመጣ እንግዳ ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። ይህም ደስ ይለዋል፤ ማንን ደስ አይለውም?

በሰባተኛው ዓመት ትዕግሥቱ አለቀ። «በዚህ ጥቅምት ካላበበ ነቅዬ ጽድ እተክላለሁ» አላት ሚስቱን።

«እባክህ። ከእናቴ ደጅ ሌላ ምን ቀረኝ?»

«የማያብብ ጠምበለል ምን ያደርግልሻል?»

ሴትዮዋ ሆድ ባሳት፤ ወደ ውስጥ ገባች።

ጳጉሜን ገባች። ሰውየው ለተክሉ የመጨረሻ ዕድል ልስጠው ብሎ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ተጠነቀቀ። መቀሱን አስሎ ከግራ በኩል ጀመረ። እኩሌታውን ከርክሞ ሲጨርስ አንዲት አሮጊት በበሩ ብቅ አሉ። ለፍየላቸው የሚሆን ቅጠል ፈልገው ነው። «ይግቡ እማማ፣ ሁሉንም ይውሰዱ» አላቸው። አሮጊቷ ቁጭ ብለው የተቆረጠውን እየሰበሰቡ ማሰር ጀመሩ። ጥቂት እንዳሰሩ እጃቸውን ገታ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ አበባ ለፍየል ትሰጠኛለህ?» አሉት።

«የምን አበባ? ይሄ እኮ አብቦ አያውቅም። እማማ፣ እያሾፉብኝ ነው?»

አሮጊቷ አንዱን ጫፍ አንስተው ቅጠሉን በጥፍራቸው ፈልቀቅ አደረጉና ወደ ዓይኑ አስጠጉለት። የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ እንቡጦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሰውየው ሌላ ጫፍ አንስቶ ራሱ ፈለቀቀ፤ እዚያም አሉ። ሦስተኛው ላይም አሉ።

«አበባውን የሚይዘው ጫፉ ላይ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ክረምቱን ሙሉ ሲያሰናዳ ከርሞ በጥቅምት ይፈነዳል። መከርከም ካማረህ፣ አበባው ከረገፈ በኋላ ከርክመው።»

ሰውየው መሬት ላይ ያለውን ክምር አየ። በየዓመቱ ጠርጎ የጣለው ሁሉ ትዝ አለው። መቀሱን አስቀምጦ ሚስቱ ዘንድ ገባ።

«እኔ ነኝ» አላት።

«ምኑን ነህ?»

«አበባሽን የከለከልኩሽ እኔ ነኝ።»

የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ ጠምበለሉ እንደ ተጀመረ ቀረ፤ ግማሹ የተላጨ፣ ግማሹ የተንጨባረረ። እንግዶቹ «ምነው፣ ፀጉር አስተካካዩ ሮጦ አመለጠ?» እያሉ ሳቁበት። ቻለው። በጥቅምት ያልተነካው ወገን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነጭ ለበሰ፤ ሽታው አስፋልቱ ድረስ ደረሰ። ሴትዮዋ መስኮቷን ከፍታ አለቀሰች። የተከረከመው ወገን ቅጠል ብቻ ሆኖ ቆመ፤ ሰውየው በዚያ በኩል ማለፍ እያፈረ በጓሮ ዞሮ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ምንውየለት፣ ወደ አንተ ልምጣ። ባለፈው እሑድ እናንተ ቤት ነበርኩ። ትርንጎ «አባዬ፣ የሚልኩኝ ቦታ እኮ…» ብላ ስትጀምር «መጀመሪያ ቀና ብለሽ ተቀመጪ» አልካት። ቀና አለች። «ትንሽ ፈርቼ…» ስትል «ጮክ በይ፣ ምን ያንሾካሹክሻል?» አልካት። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ ቃል ተሳሳተች፤ ቃሉን አረምክላት። «በቃ፣ ምንም አይደል» ብላ ተነሣች። አንተ ደግሞ ወደ እኔ ዞረህ «አዩልኝ ጋሼ? እንዲህ ናት» አልከኝ።

ማንም አልመከረብህም። ክፉ አባት ነህም አልልህም፤ ልጅህ ሰው ፊት እንዳታፍር ብለህ ነው። ግን ልጅቷ ፈራሁ ልትልህ ነበር፤ አንተ ስለ አቀማመጧ ስታወራ ጫፉን ቆርጠህ ጣልከው። የቆረጥከውን ልመልስልህ አልችልም። ያልነካኸው ግን ገና አለ። ምክር ካለህ ከጨረሰች በኋላ ይደርሳል… ይኸው፣ አሁን እንኳ እኔን ልታርመኝ አፍህን ከፈትክ! ዝም በል እስቲ። ዛሬ ቤት ስትገባ ልጅህ አንድ ነገር ከጀመረችልህ፣ ጎብጣም ትቀመጥ፣ ድምፅዋም ይነስ። ተሳስታም ቢሆን ትጨርስ።